«የጓንታናሞ ማስታወሻ» እና ጥቁሮቹ መስመሮች

መጽሐፉ እኛ ዘንድ የደረሰው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሞ፣ ሽፋኑ ተልጦ ነው። ከመካከላችን አንዱ ገና የመጀመሪያዎቹን ገጾች እንደገለጠ «ማባዣው ቀለም ተፍቶበታል እንዴ?» አለ። አልፈረድንበትም። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ጥቁር ነገር ሲታይ ጥፋቱ ሁልጊዜ የስቴንስሉ ነው፤ ባለፈው እትማችን ሁለት ግጥሞች በቀለም ተበልተው አንባቢዎቻችን ምን ያህል እንደታዘቡን አልረሳነውም። ሌላው ጓደኛችን ደግሞ ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ከጥቁሩ ሥር ፊደል ይታይ እንደሆነ ሞከረ። ምንም የለም። ጥቁሩ አብሮ የታተመ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር ከ2,500 በላይ አለ።

መጽሐፉ የሞሪታኒያው ተወላጅ የመሐመዱ ኡልድ ስላሂ «የጓንታናሞ ማስታወሻ» ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።) ስላሂ በኖቬምበር 2001 የኑዋክሾት ፖሊስ ለጥያቄ ፈልጎት የገዛ መኪናውን እየነዳ ሄደ። ወደ አገሩ በነጻነት የተመለሰው በኦክቶበር 2016 ነው። በመካከሉ ስምንት ወር ያህል በዮርዳኖስ እስር ቤት፣ ጥቂት ጊዜ በአፍጋኒስታኑ ባግራም፣ ከኦገስት 2002 ጀምሮ ደግሞ ኩባ ምድር ላይ ባለው የአሜሪካ የጦር ሠፈር ቆየ። እዚያ ስሙ 760 ነው። በነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድም ክስ አልተመሠረተበትም።

ጽሑፉን የጻፈው በ2005 ለብቻው በተዘጋበት ክፍል ውስጥ ነው፤ 466 ገጽ በእጅ ጽሕፈት፣ ያውም በእንግሊዝኛ። እንግሊዝኛ አራተኛ ቋንቋው ሲሆን አብዛኛውን የለቀመው ከጠባቂዎቹና ከመርማሪዎቹ አፍ ነው። ቋንቋ እናጠናለን ብለን አራት ዓመት ወንበር ለምናሞቅ ሰዎች ይህ ትንሽ የሚያሳፍር ነገር ነው። ገጾቹ ከእጁ እንደወጡ «ምስጢር» ተብለው ተቆለፉ። ጠበቆቹ ከስድስት ዓመት በላይ ተሟግተው አስወጧቸውና በ2015 በላሪ ሲምስ አርታኢነት ታተሙ። መጽሐፉ በየአገሩ ሲሸጥ ደራሲው ገና እዚያው ታስሮ ነበር።

ስለ ቅርጹ እንነጋገር። ትረካው የሚጀምረው ከመካከሉ ነው፤ ስላሂ ከዮርዳኖስ ተወስዶ በአውሮፕላን ሲጫን። ወደ ኋላ ተመልሶ ስለ ሴኔጋልና ስለ ሞሪታኒያ የሚነግረን ቆይቶ ነው። ይህን «ፍላሽባክ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ክፍል ውስጥም እንደዚያ ተምረናል። እኛ ግን ከዚህ የበለጠ ነገር አየንበት። አንባቢው መጽሐፉ ውስጥ የሚገባው ደራሲው እስር ቤት እንደገባው ሆኖ ነው፤ ምን አደረገ ሳይባል፣ ማን ከሰሰው ሳይባል፣ ተይዞ። «ቆይ፣ ይህ ሰው ምን አድርጎ ነው?» እያልን ገጽ እንገልጣለን። እሱም ይህንኑ ሲጠይቅ ነው የከረመው።

አሁን ወደ ጥቁሮቹ መስመሮች። የመርማሪዎችን ስም መሰረዝስ ይሁን፤ ምክንያት አያጣም። የሚገርመው ግን ሳንሱሩ «እሷ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስም በየቦታው ሲያጠቁር «እሱ» የሚለውን መተዉ ነው። ሴት መርማሪዎች መኖራቸው እንዳይታወቅ መሆኑ ነው። ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ጥቁር ባየን ቁጥር ሴት እንደገባች እናውቃለን። አንዳችን በሳቅ እንዳለችው ይህ ሳንሱር በአማርኛ ሥራ ያጣ ነበር። እኛ ዘንድ ጾታ የሚኖረው ግሡ ውስጥ ነው፤ «ጠየቀችኝ»፣ «ሳቀችብኝ»፣ «ወጣች»። እንግዲህ እሷን ለመደበቅ የሠራችውን ሥራ ሁሉ መደምሰስ ግድ ነው። እንግሊዝኛው ግን ድርጊቱን ትቶ አድራጊዋን ብቻ እንዲያጠፋ ያስችለዋል። ስለ ሥቃዩ እናነባለን፤ ያሠቃየው ማን ነው ስንል ጥቁር ነው።

ሌላ ቦታ ደግሞ ስላሂ በሐዘን ተሸንፎ ስለተሰማው ነገር ሲናገር አንዲት ቃል ጠፍታለች። አርታኢው በግርጌ የተሰረዘችው ቃል «እንባ» ሳትሆን እንደማትቀር ይገምታል። እዚህ ላይ ብዙ ቆየን። የመርማሪ ስም የአገር ምስጢር ነው ይባል፤ እንባ የማን ምስጢር ነው?

ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው ከአንድ የቃል ጨዋታ ጋር ነው። ተያዡን «የጦር እስረኛ» ቢሉት የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት ይመጣል፤ ማንነቱ ካጠራጠረ ሥልጣን ያለው ችሎት ሊያየው፣ ውጊያው ሲያበቃም ሊለቀቅ ነው። «ወንጀለኛ» ቢሉት ክስ፣ ጠበቃና ዳኛ ይመጣል። ስለዚህ ሦስተኛ ቃል ፈለጉ፤ «ጠላት ተዋጊ»። በዚህ ስም የተጠራ ሰው ከጦር እስረኛው መብትም ከወንጀል ተከሳሹ መብትም ውጭ ሆነ። ቦታውም እንዲሁ የተመረጠ ነው። በ1903ቱ የኪራይ ውል መሠረት የመሬቱ የመጨረሻ ሉዓላዊነት የኩባ፣ ሙሉ ሥልጣኑ ግን የአሜሪካ ነው። መንግሥት «መሬቱ የእኛ ስላልሆነ ዳኞቻችን አይደርሱበትም» ብሎ ተከራከረ። ለኪራዩ በዓመት 4,085 ዶላር የሚል ቼክ ሲላክ ኖሯል፤ የኩባ መንግሥትም አልመነዝርም ሲል ኖሯል።

አያቶቻችን ከሳሽንና ተከሳሽን በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ዳኛ ፊት እስኪቆሙ ድረስ ያቆራኙ ነበር። የቁራኛ ሥርዓት ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ሆኖም ከሳሹም አብሮ የሚታሰር ስለሆነ ጉዳዩ ቶሎ እንዲያልቅ ይቸኩላል። ጓንታናሞ ላይ የቋጠሮው ሌላኛው ጫፍ ባዶ ነው።

ይህን በደንብ የሚያሳየን ከመጽሐፉ ውጭ ያለ አንድ ሰነድ ነው። በ2004 ሠራዊቱ የተያዦችን ሁኔታ የሚመረምሩ የመኮንኖች ጉባኤዎች አቋቋመ፤ ጠበቃ የለም፣ ምስጢራዊውን ማስረጃም ተያዡ አያይም። ከቦስኒያ የተወሰደው አልጄሪያዊው ሙስጠፋ አይት ኢድር እዚያ ቀርቦ ከአንድ የታወቀ የአል ቃይዳ ሰው ጋር ግንኙነት ነበረህ ተባለ። የሰውየው ስም ማን ነው? ሲል ጠየቀ። ሰብሳቢው አያውቁም። ስሙ ከተነገረኝ መልስ እሰጣለሁ፣ ካልተነገረኝ ግን ምኑን ልመልስ? አለ። በኋላም ይህን ክስ ውጭ ላለ ለማንም ሰው ብትነግሩት ይስቃል ሲላቸው ጉባኤው በሙሉ ሳቀ። ዳኛ ጆይስ ሄንስ ግሪን በ2005 ውሳኔያቸው ውስጥ ይህን ንግግር አስፍረውታል። «አብዘርድ» እያልን ከምናጠናቸው ተውኔቶች የትኛው ነው እንዲህ ያለ ትዕይንት ያለው? ልዩነቱ መጋረጃው ሲዘጋ ተዋናዩ ወደ ቤቱ አለመሄዱ ነው።

ስላሂም ለዚሁ ነገር አንድ የአገሩን ተረት ያመጣል። አውራ ዶሮ ባየ ቁጥር የሚሸበር ሰው ነበር፤ ዶሮው በቆሎ መስዬዋለሁ ይላል። ሐኪሙ አንተ በቆሎ አይደለህም ሲለው፣ እኔስ አውቃለሁ፣ ዶሮውን ማን ያስረዳልኝ? አለ ይባላል። ከመጽሐፉ ውስጥ ቃል በቃል ለጓደኞቻችን ስንተርክ የሰነበትነው ይህን ነው። ቀልዱ እንደኛ አገር ሽማግሌ ቀልድ ነው፤ እየሳቁ ቆይቶ ነው የሚያመው።

ፍርድ ቤቶቹስ ዝም አሉ ወይ? አላሉም። በጁን 2004 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተያዦቹ ወደ ፌዴራል ዳኛ መጮህ ይችላሉ አለ። ምክር ቤቱ በ2005ና በ2006 ባወጣቸው ሕጎች ያንን በር መልሶ ዘጋ። በጁን 2008 ያው ፍርድ ቤት በ«ቡመዲየን በቡሽ ላይ» ጉዳይ፣ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ የሕገ መንግሥት መብታቸው ነው፣ ምክር ቤቱ ሊነጥቃቸው አይችልም ብሎ ወሰነ። የስላሂን አቤቱታ የሰሙት ዳኛ ጄምስ ሮበርትሰን በማርች 2010 ይለቀቅ ብለው አዘዙ። መንግሥት ይግባኝ አለ። ይግባኝ ሰሚው በዚያው ዓመት ትእዛዙን ሽሮ ጉዳዩ እንደገና ይታይ ሲል መለሰው። የወጣው በመጨረሻ በዳኛ ሳይሆን በ2016 አንድ የአስተዳደር ቦርድ ስለፈቀደለት ነው። ዳኛው ይለቀቅ ካሉ ከስድስት ዓመት ተኩል በኋላ መሆኑ ነው። መብት አለህ መባልና በሩ መከፈት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ቀን መቁጠሪያ አላየንም።

እዚህ ላይ ሳንስማማ ያደርንበትን ነገር መደበቅ አይገባንም። አንዱ ጓደኛችን «ይህ ሰው እኮ በ1991 ለአል ቃይዳ ቃለ መሐላ የፈጸመ ነው፤ በሱ ምክንያት ለምን ታለቅሱብኛላችሁ?» አለን። እውነት ነው፤ ምሏል። አፍጋኒስታን ሄዶ አሜሪካም ትጠላው የነበረውን የካቡል መንግሥት ሊወጋ ነበር፤ በ1992 ግንኙነቴን አቋርጫለሁ ይላል። ይህን የሚለው ደግሞ ራሱ ነው፤ ተራኪን ሁሉ ማመን እንደሌለብን ተምረናል። ታዲያ እውነቱን የሚለይ ማን ነው? እኛ አይደለንም፤ መርማሪውም አይደለም። ሮበርትሰን መሐላውንም ግንኙነቱንም መርምረው፣ በተያዘበት ጊዜ የድርጅቱ አባል መሆኑን መንግሥት አላስረዳም ነው ያሉት። ከዚያ በፊት ሊከሰው የተመደበው የማሪን ሌተና ኮሎኔል ስቱዋርት ካውች፣ ቃሉ በሥቃይ የተገኘ መሆኑን ሲረዳ በ2004 ከጉዳዩ ራሱን አወጣ። የካውች ወዳጅ በሴፕቴምበር 11 ከተጠለፉት አውሮፕላኖች የአንዱ ረዳት አብራሪ ነበር። ጓደኛችን ስለ ካውች ስንነግረው ዝም አለ፤ ተስማማ ማለታችን ግን አይደለም።

ስለ ግጥሞቹም አንድ ነገር። በ2007 ማርክ ፎልኮፍ ያዘጋጀው የእስረኞቹ ግጥሞች መድበል በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጥቷል፤ የ17 ሰዎች 22 ግጥሞች ናቸው። ወረቀትና ብዕር በተከለከሉበት ወቅት አንዳንዶቹ በፎም ኩባያ ላይ በጠጠር እየጫሩ ይጽፉ ነበር። እውነቱን እንናገርና እንደ ግጥም ብዙዎቹ አልያዙንም። ነገር ግን መፍረድም አልቻልንም፤ ተርጓሚዎቹ የምስጢር ፈቃድ ያላቸው ሰዎች እንጂ ባለቅኔዎች አይደሉም፤ ዋናው ዓረብኛና ፓሽቶም በአብዛኛው አልተለቀቀም። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ምክንያት ግጥም በይዘቱም በቅርጹም ልዩ አደጋ አለው የሚል ነው። እኛ «ቅርጽ ይቅደም፣ ይዘት ይቅደም» እያልን በየሳምንቱ ስንጨቃጨቅ ፔንታጎን ሁለቱንም አንድ ላይ አስሮ ጨርሶታል።

ይህ ታሪክ ከእኛ ሩቅ ነው የሚል ቢኖር፣ ኢትዮጵያ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው ቢንያም መሐመድ በ2002 ካራቺ ተይዞ፣ ወደ ሞሮኮ ተወስዶ፣ በ2004 ጓንታናሞ ገብቷል። ክሱ ተነሥቶ በፌብሩዋሪ 2009 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ስለ አያያዙ የለንደን ዳኞች በጻፉት ፍርድ ውስጥ ሰባት አንቀጾች በመንግሥት ጥያቄ ተሰርዘው ነበር። እሱ ከተፈታ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2010፣ ይግባኝ ሰሚው ይታተሙ አለ። አነበብናቸው። አጭር ናቸው። እንቅልፍ ስለ መንሳት፣ ስለ ማስፈራራትና ስለ ሰንሰለት የሚናገሩ ናቸው። የጦር መሣሪያ ንድፍ የለባቸውም።

መጽሐፉ እንከን የለውም አንልም። የምርመራው ክፍል ይደጋገማል፤ አንዱ መርማሪ ከሌላው ሳይለይ ይቀራል (ግማሹ ጥፋት የሳንሱሩ ነው፣ ግማሹ ግን የደራሲው)። ለጠባቂዎቹ ያለው ደግነትም አንዳንዴ ከልክ አልፎ «ኧረ ትንሽ እንኳ ተቆጣ!» ያሰኛል። በ2017 የተሰረዘው ተሞልቶ እንደገና ታትሟል። ሁለቱንም ያየን ሰዎች የ2015ቱ ይቅደም እንላለን፤ የተሞላውን ቀድሞ ያነበበ ሰው ምን ያህል እንደተወሰደበት አይታወቀውም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ከጥቁሩ ሥር የነበረውን መፈለግ አንድ ከሰዓት ይፈጃል፤ እኛ አድርገነዋል፣ አብዛኛው ስምና ተራ ንግግር ነው።

የ2015ቱ ቅጂ አንድ ብቻ ነው። ተራ የሚይዝ ለክበቡ ጸሐፊ ስሙን ያስመዝግብ፤ ከአምስት ቀን በላይ ማቆየት አይፈቀድም፤ በጥቁሮቹ መስመሮች ላይ በእርሳስ ግምት መጻፍ የጀመራችሁም እባካችሁ ተዉ።