ካቻቪቴ በሸዋ ሮቢት

የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚደርስ የጭነት መኪና ፍሬኑ ይግላል። ጋራዥ ሲገባ መካኒኩ ረዳቱን «ካቻቪቴ! ፒንሳ!» ይለዋል፤ አስተርጓሚ የሚፈልግ የለም። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣርማ በርን በዋሻ የበሳው ወራሪ በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ካቻቪቴው ግን ቀረ። ቃሉን በማቆየታችን ደግ አደረግን እላለሁ! «ጋራዥ» ራሱስ መነሻው ፈረንሳይኛ አይደል? እንግሊዞችም የአውሮፕላን አካላትን ስም ከፈረንሳዮች ሲወስዱ፣ «ፊውዝላዥ»ንም ሆነ «ትንሽ ክንፍ» ማለት የሆነውን «ኤይለሮን»ን ሳይተረጉሙ እንዳለ ተቀበሉ። የሮቢት ተለማማጅ ደግሞ ጣሊያንኛ ሳይማር «ካንዴላው ቆሽሿል» ይላል፤ ፈትቶም በሽቦ ብሩሽ ይፍቀዋል።