ያልተፋቀችው ጉብታ

የጥልፍ ሠሪ እጅ የሚታወቀው ልብሱን ገልብጠው ጀርባውን ሲያዩት ነው። ዋስፕ-39ቢ የተባለችውን ፕላኔት ከባቢ አየር የሚያሳየውን ግራፍም እንዲሁ ገልብጬ ማየት እወዳለሁ።

ፕላኔቷ ከእኛ 700 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች። ክብደቷ ለሳተርን የቀረበ ነው፤ በሙቀት ተነፍታ ግን ከጁፒተር ትሰፋለች። ኮከቧን በአራት ቀን ገደማ ትዞራለች። በፊቱ ስታልፍ ከብርሃኑ 2 በመቶ ያህል ትጋርዳለች፤ በዙሪያዋ ያለው ጋዝ ብርሃን በሚውጥበት የሞገድ ርዝመት ደግሞ ጥላዋ በጥቂቱ ይሰፋል። ሥራው ሁሉ ያለው በዚህች ጥቂት ውስጥ ነው።

በሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ከስምንት ሰዓት በላይ ኮከቡ ላይ ተተክሎ ቆየ። ፕላኔቷ አልፋ ለመጨረስ የሚበቃት ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ቀሪው ጊዜ ግን ብክነት አይደለም፦ የኮከቡ ሙሉ ብርሃን በትክክል ካልተለካ የጎደለው ከየት ይታወቃል? በአንዳንድ የሞገድ ርዝመቶች ብርሃኑ በርትቶ መቀበያውን ከአቅሙ በላይ ሞልቶት ነበር። ተመራማሪዎቹ ያንን ክፍል ለመጠገን አልታገሉም፤ ለመጀመሪያው ጽሑፋቸው ከ3 እስከ 5.5 ማይክሮሜትር ያለውን ብቻ ያዙ። ያንኑ ጥሬ መረጃ በተለያዩ የስሌት መንገዶች ለየብቻ አጣርተው ውጤቶቹን ጎን ለጎን አስተያዩ። በ4.3 ማይክሮሜትር ላይ ጥላዋ መስፋቱን የሚያሳይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጉብታ በሁሉም ግራፎች ወጣ፤ ከፀሐይ ሥርዓታችን ውጭ ባለች ፕላኔት ላይ ይህ ጋዝ ይህን ያህል ጎልቶ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር።

እኔን የሚማርከኝ ግን ሌላው ነው። በ4 ማይክሮሜትር አካባቢ ሞዴሎቻቸው ያልጠበቋት ትንሽ ጉብታ ነበረች። ዋናው ግኝት በእጃቸው ስለገባ ስለ እሷ ባያነሱም ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። እነሱ ግን ምንነቷ አልታወቀም ብለው ከነቦታዋ አሳዩዋት። ኋላ በሌላ የቴሌስኮፑ አሠራር ሲለካም እዚያው ተገኘች፤ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነበረች። የኮከቡ ብርሃን የውሃ ሞለኪውሎችን ይሰብራል፤ ስብርባሪው ሰልፈርን ከኦክስጅን ጋር ያጣምራል። ብርሃን እንዲህ ኬሚስትሪ ሲሠራ በሌላ ኮከብ ፕላኔት ላይ ሲታይ የመጀመሪያው ነው።

እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በኔ ግምት ከግኝቱ አያንስም። የልኬቱ ጥሬ መረጃም ለሁሉም ክፍት ነው፤ ስሌቱን የሚችል አውርዶ ጀርባውን መመርመር ይችላል።