ከቁርሱ በፊት የነበረው ዝምታ

በገና ሰሞን የምንተርካቸው የቤተሰብ ታሪኮች ቶሎ ያስለቅሱናል፤ ቶሎም ይረሱናል። ሉዊዛ ሜይ አልኮት እ.ኤ.አ. በ1868 ያሳተመችውን «ሊትል ዊሜን» ግን እስቲ አንብቡት። አባታቸው ከጦሩ ጋር ቄስ ሆኖ ዘምቷል። በገና ጠዋት እናታቸው አራቱን እህትማማቾች ቁርሳቸውን ለተራበ ቤተሰብ እንዲሰጡ ትጠይቃቸዋለች። ወዲያው እሺ አይሉም፤ ለአፍታ ዝም ይላሉ። ርቧቸዋላ! ታሪኩን ያመንኩት በዚያች ዝምታ ነው።

ማታውኑ ሀብታም ጎረቤታቸው አይስክሬምና አበባ ሲልክላቸው ግን ቅር አለኝ። ደራሲዋ ብድሩን ለመመለስ ቸኮለች። ኋላ ላይ ቤዝ ያንኑ ቤተሰብ ልትጠይቅ ሄዳ ከታመመው ሕፃን በሽታ ይጋባባታል፤ ጤናዋም እንደ ቀድሞው አይመለስም። እናንተ በገና ፕሮግራማችሁ ብትተርኩት፣ ይህን ክፍል ትዘሉት ነበር?