የማሾ ሥር እንግዳ አቀባበል

በሸዋ ሮቢትና በዙሪያው ባለው የይፋት ቆላ ማሾ ለገበያ ከሚዘሩት ሰብሎች አንዱ ነው። ከ60 እስከ 90 ባሉት ቀናት ስለሚደርስ አጭር ዝናብ ይበቃዋል። የዚህ ትንሽ ተክል ትልቁ ጥበብ ግን ያለው ከአፈር በታች ነው።

ሊያብብ የተቃረበ ማሾ ከነሥሩ በጥንቃቄ ተነቅሎ አፈሩ ሲራገፍ፣ ሥሩ ላይ ክብ ክብ እባጮች ይታያሉ። አንዱ በጥፍር ሲሰነጠቅ ውስጡ ቀላ ያለ ነው፤ ያቀላውም የደማችን ሄሞግሎቢን ዘመድ የሆነ ፕሮቲን ነው። እዚያ የሰፈሩት ራይዞቢየም የተባሉ ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ሊመገበው ወደሚችል መልክ ይለውጣሉ፤ ማሾው በምላሹ ስኳር ይቀልባቸዋል።

ባክቴሪያዎቹ በሩን ያንኳኳሉ እንጂ ቤቱን የሚሠራው ተክሉ ራሱ ነው፤ ሥራውን የሚመሩትም ሆርሞኖቹ ናቸው። የባክቴሪያዎቹ ኬሚካላዊ ምልክት ሲደርስ ሳይቶካይኒን የሥሩ ሕዋሳት እንዲከፋፈሉ ይቀሰቅሳል። ኦክሲን እዚያው ተከማችቶ እባጩን ያሳድጋል። ኢቲሊን ደግሞ በብዙ ጥራጥሬዎች ልጓም ነው፤ የሚገቡትን ባክቴሪያዎች ይገድባል።

ከሁሉም የሚደንቀው የልክ ጉዳይ ነው። ሥሩ ወደ ቅጠሉ መልእክት ይልካል፤ ከቅጠሉ የሚመለሰው ትእዛዝም ተጨማሪ እባጭ እንዳይበቅል ይከለክላል። ያለዚያ የቀለቡ ብዛት ተክሉን ያቀጭጨው ነበር። አፈሩ ናይትሮጅን ሲጠግብም ተክሉ እንግዳ መቀበሉን ይቀንሳል፤ ዩሪያ የበዛበት ማሾ የሚያወጣው እባጭ ጥቂት ነው።