ደም ላጣ እግር የዘረመል መርፌ፦ የተሰጠው ተስፋና የተገኘው ውጤት

በምዕራብ ጎጃም ዞን በአንድ ሆስፒታል ስሠራ፣ ከቡሬ ዙሪያ ገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ወደ ተመላላሽ ክፍል ገቡ። ግራ እግራቸው አብጦ ነበር፤ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይም ቁስል ነበራቸው። አካባቢው ዝሆኔ የበዛበት ነውና ያለ ብዙ ማመንታት "ፖዶኮኒዮሲስ" ብዬ ጻፍሁ፤ እግራቸው ታጥቦ በፋሻ ጠበቅ ተደርጎ እንዲታሰርም አዘዝሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ሁለት ጣቶቻቸው ጠቁረዋል። ያን ዕለት ጣቶቼን በእግራቸው ጀርባ ላይ ባሳርፍ የደም ትርታ አጣሁ። በመጀመሪያው ቀን ጨርሶ አልዳሰስሁትም ነበር።

ወንድ ልጃቸው ወደ ጥግ ጠርቶ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ "ዶክተር፣ በውጭ አገር ደም ሥር የሚያበቅል መርፌ ወጥቷል ይላሉ። በሬዎቹን ሸጬ አባቴን ልውሰዳቸው?" ለእርሱ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ይሁንና ጥያቄው ዛሬም በፍኖተ ሰላምም ሆነ በሌላ ከተማ የሚያገለግል የጤና ባለሙያ ሊገጥመው የሚችል ስለሆነ፣ ማስረጃውን መርምሮ መመለስ ተገቢ ነው።

የሐሳቡ አጀማመር

ደም ቅዳ በጠበበበት ወይም በተዘጋበት እግር ላይ የወጣ ቁስል የሚድነው ደም ሲደርሰው ነው። መዝጊያውን በቀዶ ሕክምና ማለፍ ወይም በፊኛ ማስፋት ለማይቻልላቸው ሕሙማን፣ አዲስ ደም ሥር እንዲበቅል የሚያዝዝ ዘረመል ወደ እግር ጡንቻ መውጋት ይቻል ይሆን? በቦስተን የልብ ሐኪሙ ጄፍሪ ኢዝነርና ባልደረቦቹ ይህን ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የተባለውን የደም ሥር አሳዳጊ ፕሮቲን ዘረመል የያዘ ፕላዝሚድ ለ9 ሕሙማን በ10 እግሮች ላይ እንደወጉና ቁስል ከነበረባቸው 7 እግሮች በ4ቱ ቁስሉ እንደዳነ ወይም በጉልህ እንደተሻሻለ ገለጹ።

ሥራው ፈር ቀዳጅ ነበር። ነገር ግን ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ለጥናት የገባ ሕመምተኛ ያርፋል፣ ቁስሉ በየጊዜው ይጸዳል፣ ኢንፌክሽኑ ይታከማል፤ በዚህ ብቻ የሚሻለው ጥቂት አይደለም። እንግዲህ ከመሻሻሉ ውስጥ የመርፌው ድርሻ ስንቱ፣ የእንክብካቤው ድርሻስ ስንቱ እንደሆነ ከ9 ሰዎች መለየት አይቻልም።

በሚዛን ላይ

ሚዛኑ የመጣው ቆይቶ ነው። ታሊስማን በተሰኘውና እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ጥናት 125 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው፣ ከፊሎቹ የሌላ አሳዳጊ ፕሮቲን ዘረመል፣ ከፊሎቹ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ተወጉ። የጥናቱ ዋና ጥያቄ የቁስል መዳን ነበር። ውጤቱ 19.6 በመቶ በ14.3 በመቶ ሲሆን፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ረገድ ትርጉም አልነበረውም። በጎን በተመዘገበው መለኪያ ግን መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ እግር መቆረጥ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ዋናው ጥያቄ የወደቀበት ጥናት በጎን ግኝቱ ሲወደስ ሰነበተ።

ይህ የጎን ግኝት ታማሪስ በተሰኘው ትልቅ ጥናት፣ በ30 አገሮች 525 ሕሙማን ላይ እንደገና ተፈተነ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታተም፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከፍተኛ የእግር መቆረጥ ወይም ሞት የደረሰባቸው ማስመሰያ ከተሰጣቸው 33 በመቶ ሲሆኑ፣ ዘረመሉ በተሰጣቸው ዘንድ ከዚያ አላነሱም። መርፌው እግርም ሕይወትም አላዳነም።

የጃፓኑ ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኮላቴጂን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ለእንዲህ ያለው ቁስል በጊዜያዊ ሁኔታ ተፈቀደ። ከገበያ በኋላ የተሰበሰበው መረጃ የቀደመውን ውጤት መድገም ስላልቻለ፣ አምራቹ በ2024 የሙሉ ፈቃድ ማመልከቻውን አነሣ። ሩሲያ በ2011 የቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. ዘረመል የያዘ መድኃኒት መፍቀዷ እውነት ነው፤ ነገር ግን የፈቃዱ ዋና መሠረት ሕሙማኑ ያለ ሕመም የሚራመዱት ርቀት ነው። ርቀት መጨመርና ቁስል መዳን አንድ አይደሉም።

ጉድለቱ የት ነው?

ከብር ወንዝ ውኃ ጠልፎ ማሳውን የሚያጠጣ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዋናው ቦይ ከአፉ ከተደፈነ፣ በማሳው ውስጥ የፈለገውን ያህል ትናንሽ ቦይ ቢቀድድ ውኃ አይመጣለትም። ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. በአመዛኙ የሚያበቅለው ካፒላሪ የሚባሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው፤ እነርሱም ከላይ የሚመጣላቸውን ያከፋፍላሉ እንጂ የተዘጋውን ደም ቅዳ አይተኩም። በተጨማሪም ራቁቱን የተወጋ ፕላዝሚድ ወደ ጥቂት ሕዋሳት ብቻ ይገባል፤ ሥራውም ለሳምንታት ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ የዘረመል ሕክምና ቁስል አያድንም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ቆዳቸው በትንሽ ንክኪ ለሚላጥ፣ ከውልደት የአንድ ዘረመል ጉድለት ላለባቸው ሕሙማን፣ በቁስሉ ላይ የሚንጠባጠብ የዘረመል መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ተፈቅዷል። በ31 ሕሙማን ላይ በተደረገው ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ ከታከሙት ቁስሎች 67 በመቶው ሙሉ በሙሉ ሲድኑ ከማስመሰያው 22 በመቶው ድነዋል። እዚያ የጎደለው ዘረመል ነበር፤ የተሰጠውም ያው የጎደለው ነው። በአዛውንቱ እግር የጎደለው ግን ደም ነበር።

በእጃችን ያለው

በጎጃም ለእግር የሚበጅ ማስረጃ ከሩቅ የሚመጣ ብቻ አይደለም። በምዕራብ ጎጃም ደምበጫና በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ተካሂዶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ቆጠራ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች 3.3 በመቶው ፖዶኮኒዮሲስ እንዳለባቸው አሳይቷል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማንን ያሳተፈውና በ2018 የታተመው የዕጣ ጥናት ደግሞ እግር ማጠብ፣ ቆዳ ማለስለስ፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴና ጫማ የአጣዳፊ ሕመሙን ድግግሞሽ በአንድ ሰው በዓመት ከ23.9 ወደ 19.4 እንደሚያወርዱ አረጋግጧል። ቁጥሩ ትሑት ነው፤ ነገር ግን በማነጻጸሪያ የተፈተነና በጤና ጣቢያ ሊሰጥ የሚችል ነው።

ሆኖም ይኸው ጠቃሚ ፋሻ ደም ያጣ እግር ላይ ሲታሰር ጉዳት ያደርሳል፤ እኔም ያደረስሁት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ያበጠና የቆሰለ እግር ሁሉ ከመታሰሩ በፊት ትርታው በሁለት ቦታ ይዳሰስ፦ በእግር ጀርባና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ። ትርታው ካልተገኘ ማጥበቂያ ፋሻ አይታሰር። ዶፕለር ባለበት፣ የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት ለክንዱ ተካፍሎ ከ0.9 በታች ከሆነ የደም ቅዳ ሕመም አለ፤ ከ0.5 በታች ከሆነ ማጥበቂያ ፋሻ ክልክል ነው። የስኳር ሕሙማን ደም ቅዳ ስለሚደድር ልኬቱ በሐሰት ከፍ ሊል እንደሚችልም አይዘንጋ። ደም ያጣ እግር በጊዜ ወደ ከፍተኛ ሕክምና መላክ አለበት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ ባሳለፈው ግጭት መንገድ የተዘጋባቸውን ቀናት የሚያስታውስ ሁሉ፣ በመጀመሪያው ቀን ያልታወቀ ሕመም በኋላ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያውቃል።

በሬዎቹ ለመርፌው አልተሸጡም። አዛውንቱ ግን በተላኩበት ሆስፒታል እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። የመጀመሪያው ቀን ካርዳቸውን ኋላ ባገላብጠው የሙቀት፣ የደም ግፊትና የትንፋሽ መስመር ተሞልቷል፤ ለእግር ትርታ የተተወ መስመር የለም። የእግር ቁስል በሚታይበት ክፍል ሁሉ ይህ መስመር በካርዱ ላይ እንዲጨመር ለሙያ ባልደረቦቼ አሳስባለሁ።