ሳቅና መለየት በቻርሊ ቻፕሊን ሥራ

ኮሜዲ የችግር መርሻ ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ ሰፍኖ ይገኛል። የቻርሊ ቻፕሊን ሕይወትና ሥራ ግን የዚህን አስተሳሰብ ጎዶሎነት ያሳያል። በምርጥ ፊልሞቹ ውስጥ ሳቅ ችግርን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር እንጂ መሸፈኛ አይደለምና።

ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1889 ዓ.ም. ከመድረክ ቤተሰብ ተወለደ። እናቱም አባቱም በእንግሊዝ የሙዚቃ አዳራሾች የሚዘፍኑ ነበሩ። ሆኖም አባትና እናት ተለያዩ፤ አባቱ በመጠጥ ተጎድቶ በ1901 በ38 ዓመቱ ሞተ፤ የእናቱም ጤና ታወከ። ቻርሊ የ7 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1896፣ ከእናቱና ከወንድሙ ከሲድኒ ጋር ለንደን ላምቤዝ ውስጥ ወደነበረው የድኾች መጠለያ ገባ። ጥቂት ቆይቶም ሁለቱ ልጆች ከእናታቸው ተነጥለው በሃንዌል ወደሚገኝ የድኾች ልጆች ትምህርት ቤት ተላኩ። ድኽነት እናትን ከልጅ የሚለየው በሕግና በደንብ ስም እንደሆነ በሕፃንነቱ አየ።

በ1908 የፍሬድ ካርኖን የቀልድ ቡድን ተቀላቅሎ የአካል እንቅስቃሴን ጥበብ አዳበረ። በ1914 ባለ ትንሽ ባርኔጣውንና ባለ ከዘራውን መንገደኛ በአሜሪካ ፊልም ፈጠረ። በ1919 የበኵር ልጁ በተወለደ በ3 ቀኑ ሞተበት። ከዚህ ኀዘን በኋላ ብዙም ሳይቆይ የጀመረውና በ1921 ለሕዝብ የቀረበው ፊልም «ዘ ኪድ»፣ ማለትም «ልጁ» ይባላል።

መንገደኛው የተጣለውን ሕፃን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያስበው እንዴት እንደሚገላገለው ነው። ደግነቱ ከችግሩ ጋር እየታገለ የሚያድግ በመሆኑ ይታመናል። የቡና ማንቆርቆሪያ አንጠልጥሎ ጡጦ ያደርጋል፤ በተቀደደ ብርድ ልብስ ራሱን አሾልኮ ካባ ያደርገዋል። ተመልካቹን የሚያስቀው የድኻው እጦት ሳይሆን ክብሩን ለመጠበቅ የሚፈጥረው ብልኀት ነው። የሕፃናት ማሳደጊያው ሹም ግን ከድኻው ጋር በቀጥታ መነጋገርን ተጸይፎ በረዳቱ አማካይነት ይናገራል። የምጸቱ ቀስት የተነጣጠረው ወደዚህ ሰው ነው። ልጁ በመኪና ተጭኖ እጁን ዘርግቶ ሲያለቅስ ሳቁ ይቆማል፤ ላምቤዝና ሃንዌል በማያው ላይ ይታያሉ።

የፊልሙ ድክመት በመጨረሻው ላይ ነው። ልጇን ጥላ የነበረችው ድኻ እናት ዝነኛና ባለጸጋ ሆና ትመለሳለች፤ የቤቷም በር ለመንገደኛው ይከፈታል። ጥያቄውን ያነሣው ኅብረተሰባዊ ሥርዓት ነበር፤ መልሱን የሰጠው ግን የአንዲት ሴት ዕድል ሆነ።

የደራሲው የራሱ ሕይወት ይህን መልስ አይደግፍም። ፊልሙ በታየበት በዚያው በ1921 ዓ.ም. ባለጸጋ የሆነው ቻፕሊን እናቱን ወደ ካሊፎርኒያ አስመጣ፤ ቤትና አስታማሚም ሰጣት። በ1928 እስከ ሞተችበት ጊዜ ድረስ ግን ሕመሟ አልተለያትም። ሀብት እናትና ልጅን አቀራረበ እንጂ የጠፋውን ዘመን አልመለሰም።

ስለዚህ የዚህ ሥራ ዘላቂነት የሚገኘው ከተከፈተው በር ይልቅ በመኪናው ላይ ከተዘረጋው የሕፃን እጅ ነው። ድኻን እያሳየ በድኻ ላይ የማይሥቅ ኮሜዲ ምን እንደሚመስል ለመድረክም ሆነ ለማያ ገጽ ባለሙያ የሚያስተምረውም ይኸው ትዕይንት ነው።