ሲተረጎም የሚጠፋ ጨዋታ፦ የአዲሰን መፈተኛ ሲፈተን

እንግሊዛዊው ደራሲ ጆሴፍ አዲሰን በ1711 «ስፔክቴተር» በተባለው ዕለታዊ ጽሑፍ ቁጥር 61 ላይ ስለ ቃላት ጨዋታ አንድ መፈተኛ አቅርቦ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።) መፈተኛው ባጭሩ ሲገለጽ፣ ረቂቅ የተባለን አነጋገር ወደ ሌላ ቋንቋ መልሱት፤ በዚያም ጸንቶ ከተገኘ የሐሳብ ፍሬ ነው፤ ሲተረጎም ከጠፋ ግን ከመነሻውም የድምፅ መመሳሰል እንጂ ሌላ አልነበረም፤ የሚል ነው።

ይህ ፍርድ ከተሰጠ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቢያልፉም ሥራውን አላቆመም። ዛሬም አንድ ተርጓሚ የእንግሊዝኛ ቲያትር ወይም ግጥም ይዞ ሲቀመጥና «ይህ የቃላት ጨዋታ ስለሆነ አይተረጎምም» ብሎ ሲያልፍ፣ ሳያውቀው የአዲሰንን ፍርድ እያስፈጸመ ነው። የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት አዘጋጅም ያጠሩትን፣ እንግዳ የሆኑትንና ሁለት ፍች ያዘሉትን ቃላት እንደ ትርፍ ነገር ሲቈጥር ከዚያው ፍርድ ሥር ይገኛል። እኛ በበኩላችን መፈተኛው ራሱ መፈተን አለበት እንላለን። የዳኛውን ወንበር ለተርጓሚ የሰጠ መፈተኛ ስለሆነም ጉዳዩ በቀጥታ የእኛን ሙያ ይመለከታል።

1. ሚዛኑ የሚመዝነው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ከራሳችን ቋንቋ አንድ አስረጅ እንውሰድ። «ሰውየው ዐሥር ዓመት ታስሮ ተማረ» የሚል ዐረፍተ ነገር ብናቀርብ፣ «ተማረ» የሚለው ቃል ኅብረ ቃል ነው። በአንድ በኩል ዕውቀት ገበየ ማለት ሲሆን፣ በሌላ በኩል «ማረ» ከሚለው ግሥ ወጥቶ ምሕረት ተደረገለት ማለት ይሆናል። በአነባበብም በአጻጻፍም ልዩነት የለውም። ሰሚው ሁለቱን ፍች አንድ ላይ ሲይዝ አንድ ጥያቄ ይነሣበታል፤ ሰውየውን ነፃ ያወጣው ምሕረቱ ነው ወይስ ትምህርቱ? ጥያቄው ቀልድ አይደለም፤ ስለ ቅጣትና ስለ ይቅርታ የሚጠየቅ ትልቅ ጥያቄ ነው።

ይህን ወደ እንግሊዝኛ ብንመልሰው ሁለት የተለያዩ ግሦች ያስፈልጉናል፤ ጨዋታውም በዚያው ይፈርሳል። በአዲሰን ሚዛን ስንሄድ እንግዲህ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ምንም አልነበረም ልንል ነው። ነገር ግን ሐሳቡ ነበር። የጠፋው እንግሊዝኛ ሁለቱን ፍች የሚያስተሳስር አንድ ቃል ስለሌለው ብቻ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ የሚመዝነው የአነጋገሩን ክብደት ሳይሆን የተቀባዩን ቋንቋ ጓዳ ነው። በዚህ ሚዛን ከተሄደ ሰምና ወርቅ የተባለው የቅኔ ሀብታችን በሙሉ ከንቱ ሆኖ ሊገኝ ነው። አዲሰን ራሱ አርስጣጣሊስና ሲሰሮ የቃላትን ጨዋታ ከመልካም አነጋገር ውስጥ እንደ ቈጠሩት አልሸሸገም፤ ጠቅሶ ነው የተቃወማቸው። ክርክሩም ብዙ ዘመን ቀጥሏል። ሳሙኤል ጆንሰን በ1765 ለሼክስፒር ሥራዎች በጻፈው መቅድም ደራሲው ለቃላት ጨዋታ የነበረውን ፍቅር እንደ ትልቅ ድካም ቈጥሮበታል።

2. መርኩሽዮ በአማርኛ ሲሞት

ሼክስፒርን ካነሣን ዘንድ፣ በከበደ ሚካኤል ትርጉም ለአማርኛ አንባቢ በታወቀው በ«ሮሜዎና ዡልየት» ታሪክ ውስጥ ያለውን አንድ ቦታ እንመልከት። የምንናገረው ስለ እንግሊዝኛው ጽሑፍ እንጂ ስለዚያ ትርጉም አይደለም። በሦስተኛው ገቢር የሮሜዎ ወዳጅ መርኩሽዮ በሰይፍ ተወግቶ ሊሞት ሲል፣ ነገ ብትጠይቁኝ እንዲህ ያለ ሰው ሆኜ ታገኙኛላችሁ በማለት «ግሬቭ» የሚለውን ቃል ይናገራል። ቃሉ እንደ ቅጽል ኮስታራ፣ ቁም ነገረኛ ማለት ነው፤ እንደ ስም ደግሞ መቃብር ነው። ዕድሜውን ሲቀልድ የኖረ ሰው በመጨረሻ ቁም ነገረኛ የሚሆነው መቃብር ሲገባ መሆኑ ነው።

በአማርኛ «ኮስታራ» እና «መቃብር» በድምፅ አይገናኙም። ተርጓሚው በዚህ መንገድ ብቻ ከሄደ ጨዋታው ጠፋ። ነገር ግን ከጐኑ ሌላ ቃል ቆሞ ይጠብቀዋል፤ እርሱም «ዐረፈ» ነው። ነገር የሚያበዛውን፣ የሚቀልደውን ሰው «ዕረፍ!» እንለዋለን፤ የሞተውን ደግሞ በአክብሮት «ዐረፈ» እንላለን። በመጀመሪያው ገቢር መርኩሽዮ ስለ ሕልም የጀመረውን ረጅም ንግግር ሮሜዎ ዝም በል ብሎ የሚያስቆምበት ቦታ አለ። ተርጓሚው በዚያ ቦታ «ዕረፍ እንጂ» የሚለውን ቃል ቢዘራ፣ በሦስተኛው ገቢር ከመርኩሽዮ አፍ «ነገ ዐርፌ ታገኙኛላችሁ» የሚለውን ሊያጭድ ይችላል።

ይህ መፍትሔ ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። «ግሬቭ» አፈሩንና ጕድጓዱን ያሳያል፤ «ዐረፈ» አያሳይም። «ዐረፈ» ሰላምና ክብር አለው፤ መርኩሽዮ ግን የሚሞተው በሰላም ሳይሆን ሁለቱን የተጣሉ ቤተ ሰቦች እየረገመ ነው። ስለዚህ ቃሉ ለቦታው የለዘበ ነው የሚል ተቺ ቢነሣ አንፈርድበትም። ይሁን እንጂ የምንከራከርበት ነጥብ በዚህ ይረጋገጣል፤ በአንድ ቃል የጠፋው ጨዋታ በሌላ ቃል ሊመለስ ይችላል። የሚተረጎመው ቃሉ ሳይሆን ቃሉ ያስተሳሰራቸው ሁለት ነገሮች ናቸውና።

እዚህ ላይ ለቲያትር ተርጓሚ የሚጠቅም አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። በእንግሊዝኛ ጨዋታው በአብዛኛው የሚኖረው በጆሮ ነው። ባለቅኔው ጆን ደን (በ1631 ያረፈ) ለእግዚአብሔር አብ ባቀረበው የንስሐ መዝሙር ውስጥ በገዛ ስሙ ይጫወታል፤ «ደን» የሚለው ስሙ «ፈጸምህ፣ ጨረስህ» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ አንድ ነውና። በዚያው መዝሙር ወልድና ፀሐይ «ሰን» በሚለው አንድ ድምፅ ይገናኛሉ። በጽሕፈት ግን ሁለቱም ጥንዶች ይለያያሉ። ሰውየው በኃጢአቱና በሞቱ ፊት ቆሞ ሲጫወት የቃላት ጨዋታ ለሣቅ ብቻ የተፈጠረ እንዳልሆነም ያስረዳል።

በአማርኛ ነገሩ አንዳንድ ጊዜ ይገለበጣል። መጥበቅና መላላት በጽሕፈት ስለማይታዩ «ገና» (በዓሉ) እና «ገና» (ጊዜው አልደረሰም)፣ እንዲሁም «ዋና» (በውሃ ላይ) እና «ዋና» (አለቃ፣ ቀዳሚ) በዐይን አንድ ሆነው በድምፅ ይለያያሉ። ስለሆነም በወረቀት ላይ የሰመረ ጨዋታ መድረክ ላይ ተዋናዩ አፉን ሲከፍት ይፈርሳል። ለመድረክ የሚሠራ ተርጓሚ መምረጥ ያለበት እንደ «ዐረፈ» እና እንደ «ተማረ» ያሉትን፣ በዐይንም በጆሮም አንድ የሆኑትን ነው።

3. ስላጠሩት ቃላት

ጆናታን ስዊፍት በ1710 «ታትለር» በተባለው ጽሑፍ ቁጥር 230 ላይ፣ አዲሰንም በ1711 በ«ስፔክቴተር» ቁጥር 135 ላይ እንግሊዞች ቃላትን እየቈረጡ ቋንቋውን አበላሹት ሲሉ ከሰዋል። አዲሰን ምክንያቱን ሲሰጥ የአገሩ ሰው ዝምታ ወዳድ ስለሆነ ሐሳቡን ቶሎ ተናግሮ መገላገል ይሻል ይላል። ከተከሰሱት ቃላት አንዱ «ማብ» ነው፤ «ሞቢሌ ቩልጉስ» ከተባለው የላቲን ሐረግ ተቈርጦ የቀረ፣ ሁከተኛ ሕዝብ ማለት ነው። ይህ ቃል ዛሬ ማንም አጭር መሆኑን የማያስበው ሙሉ ቃል ሆኗል። ከእርሱ ጋር የተከሰሰው «ፖዝ» ግን ሞቷል። ከዚህ መዝጋቢው የሚማረው መፍረድን ሳይሆን መጠበቅን ነው።

የግጥሙ ማሳጠር ግን ሌላ ሥራ አለው። «ኦቨር» ሁለት ቀለም ነው፤ «ኦር» አንድ ነው። «ኔቨር» «ኔር»፣ «ኢት ኢዝ» «ቲዝ» ይሆናል፤ የተዋጠውን ድምፅ የምታመለክተው ከላይ የምትደረግ ትንሽ ጭረት፣ አፖስትሮፍ የተባለችው ናት። ስንኙ ዐሥር ቀለም ብቻ እንዲኖረው በሚፈለግበት ዘመን ይህ ግዴታ ነበር፤ ኤድዋርድ ቢሽ በ1702 ባሳተመው የግጥም መማሪያ የማሳጠርን ደንቦች በዝርዝር ጽፏል። ማሳጠርን የከሰሰው አዲሰን ራሱ በ1713 ለመድረክ ባበቃው «ኬቶ» በተባለው የግጥም ድራማ «ቲዝ»ን ያለ ቅሬታ ይጠቀምበታል። የአማርኛ ገጣሚም ይህን ያውቀዋል። «የእኔ» ሦስት ቀለም ሲሆን «የኔ» ሁለት ነው፤ «ምን አለበት» «ምናለበት» ይሆናል። ስድስት በስድስት በሚሄደው የወል ቤት አንዲት ቀለም ስትተርፍ ወይም ስትጐድል ገጣሚው ከሁለቱ ቅርጾች የሚስማማውን ይመርጣል። እኛ አፖስትሮፍ የለንም፤ ፊደላችን ድምፁን በውስጡ ውጦ ያልፋል።

የተርጓሚው ስሕተት የሚጀምረው እነዚህን ቅርጾች ሁሉ «ጥንታዊ» ብሎ ሲያያቸውና በግዕዝ በታሹ ቃላት ሲተካቸው ነው። በአዲሰን ዘመን «ቲዝ» የገበያም የሳሎንም ቃል ነበር፤ ግጥማዊ የሆነው ተራው ንግግር ትቶት ወደ ሌላው አጭር ቅርጽ፣ ወደ «ኢትስ» ሲዞር ነው። በአየርላንድ ዛሬም በአፍ ይነገራል። «ኦር» በአንጻሩ ከዕለታዊ ንግግር ርቆ በመዝሙርና በድሮ ግጥም ተወስኗል፤ በ1814 የተጻፈው፣ በ1931 በሕግ የጸደቀው የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር አንዱ መኖሪያው ነው። እንግዲህ ወሳኙ ዘመኑ ነው። የ1713ቱን «ቲዝ» በቀላል ያገራችን አነጋገር መመለስ ተገቢ ሲሆን፣ ግጥሙን ሆን ብሎ ለማስረጀት በ20ኛው መቶ ዓመት «ቲዝ» ያለውን ደራሲ ግን በጥንታዊ ቃል መከተል ይገባል። «የግጥም ቃል» የሚል ምልክት ብቻ ሰጥቶ የሚያልፍ መዝገበ ቃላት ይህን ልዩነት ከተርጓሚው ይሸሽጋል።

4. ስለ እንግዶቹ ቃላት

ሉዊስ ካሮል በ1871 ባሳተመው ሁለተኛው የአሊስ መጽሐፍ ሁለት ፍች በአንድ የታጨቁባቸውን ቃላት ሁለት ወገን ባለው የጉዞ ሻንጣ መስሎ «ፖርትማንቶ» አሰኛቸው። እርሱ ለጨዋታ የፈጠረው «ቾርትል» ዛሬ ተራ የእንግሊዝኛ ግሥ ነው። በዚሁ መንገድ ከጭስና ከጉም «ስሞግ»፣ ከሞተርና ከሆቴል «ሞቴል» ተወልደዋል። ጨዋታው የስያሜ መሣሪያ ሆኗል ማለት ነው።

አማርኛ ይህን መንገድ ይከተል ቢባል ግን የቃሉ ሥር ይቃወማል። በእንግሊዝኛ የቃሉ ጫፍ ሲታይ ቀሪው ይታወቃል፤ በአማርኛ ፍቹን የሚሸከሙት በቃሉ ላይ የተበተኑት ሥር ተነባቢዎች ስለሆኑ አንዱ ሲቈረጥ ቃሉ ይጠፋል። «ጭስ» እና «ጉም»ን አዳቅለን «ጭጉም» ብንል «ጭስ»ን ማን ያገኘዋል? «ጭሳማ ጉም» ቢረዝምም ሁሉም ይረዳዋል። እንግዲህ ከእንግሊዝኛው መውሰድ የሚገባን ዘዴውን ሳይሆን ድፍረቱን ነው።

እንግዳ ቃል የሚወድ ሰው ግን ምስክር መጠየቅን መርሳት የለበትም። በ1934 የወጣው የዌብስተር ትልቁ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም «ዶርድ» የሚል ቃል ይዞ ነበር፤ ፍቹም እፍጋት ነው ይል ነበር። በመሠረቱ ግን በ1931 የተጻፈችው ካርድ የምትናገረው «ዲ» የተባለችው ፊደል፣ ትልቋም ሆነች ትንሿ፣ የእፍጋት ምልክት መሆኗን ነበር። ፊደሎቹና በመካከላቸው ያለው «ወይም» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተጋጥመው ሲነበቡ ያልነበረ ቃል ተፈጠረ። በ1939 አንድ አርታዒ የቃሉን ምንጭ ሲፈልግ ባዶ ቦታ አግኝቶ ስሕተቱ ተገለጠ። ማንም ሳይናገረው የተመዘገበ ቃል ከሁሉም እንግዳ ቃላት የከፋው ነው።

5. የምናቀርበው ሐሳብ

ከላይ ከተባለው ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ያጠሩትን ቅርጾች በየራሳቸው ቦታ መዝግቦ፣ ቅርጹ ተራ ንግግር የነበረበትን ዘመንና የግጥም ብቻ የሆነበትን ዘመን ለይቶ ያመልክት። ሁለተኛ፣ ዎልፍ ሌስላው በ1973 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ቃላትን በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ እንዳሳየው ሁሉ፣ የአማርኛ ኅብረ ቃላትም ከነመጥበቃቸውና ከነመላላታቸው በአገባብ ተሰብስበው ለተርጓሚ ይቅረቡ፤ «ዐረፈ»ን የሚፈልግ ሰው በዕድል ሳይሆን በመዝገብ ያግኘው። ሦስተኛ፣ ተርጓሚ ጨዋታን ዘሎ ሲያልፍ የዘለለውን በግርጌ ማስታወሻ ይግለጽ፤ አንባቢ የተከለከለውን የማወቅ መብት አለውና።

አዲሰን ሲተረጎም የሚጠፋ ሁሉ ከንቱ ነው አለ። እኛ ደግሞ ሲተረጎም የጠፋ ሁሉ ተፈልጎ ነበር ወይ? ብለን እንጠይቃለን።